ዝናም ወቅቱን ሲስት፤ በቤት ስለሚጠራቀም ውኃና ስለ ወባ

የወባ በሽታ በአገራችን የወቅት በሽታ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየሜዳው ሲያቈር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በቆላውና በወይና ደጋው ትኩሳት ይበዛል፤ የበልጉ ዝናም ካቆመ በኋላም በሚያዝያና በግንቦት ጥቂት ያገረሻል፤ በጋው ሲደርቅ ግን ሰው ያርፋል። የጤና ጥበቃ ሠራተኞች የቤት ውስጥ ርጭቱን፣ የአጐበሩን ዕደላ፣ የመድኃኒቱንም ክምችት ሲያደራጁ የኖሩት በዚሁ የወራት ስሌት ነው። ስሌቱ ግን የተመሠረተው ዝናሙ ቀጠሮውን ያከብራል በሚል ተስፋ ላይ ነው። ዝናሙ ቀጠሮውን ማፍረስ ከጀመረ በሽታውም ወር ጠብቆ አይመጣም። በዚህ ወር የምናቀርበው ትምህርት ከዚሁ ነገር አንዱን ክፍል ብቻ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ዝናም ባለመታመኑ ምክንያት በየቤታችን የምናጠራቅመው ውኃ ለወባ እንዴት ማደሪያ እንደ ሆነና ውኃውን ሳናጣ በሽታውን ልንከላከል የምንችልበት መንገድ ነው።

ዝናም ሲበዛና ዝናም ሲያጥር

የአየር ጠባይ መለዋወጥ በወባ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የሩቅ አገር ምሳሌ አያሻንም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት የጣለው ዝናም ከልማዱ የበዛ፣ አየሩም ከልማዱ የሞቀና የረጠበ ነበር። ከዚያ ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድረስ ወባው ከቆላው ወጥቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው አገር ተዛመተ። ታማሚው 3 ሚሊዮን፣ ሟቹም 150 ሺህ ያህል እንደ ነበር ተገምቷል። በዚያ ከፍታ የሚኖረው ሕዝብ በሽታውን ስለማያውቀው ሰውነቱ ምንም አልተላመደም ነበርና አዋቂውና ሕፃኑ እኩል ወደቀ። የወባ ማጥፊያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመውም ከዚህ እልቂት በኋላ ነው።

እንግዲህ ዝናም ከበዛ ወባ ይበዛል ማለት ነውን? እንዲህ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. በሴሎን ደሴት (ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው) የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ዓመት ዝናሙ ቀረ። ቢምቢውን ጠርጎ ይወስድ የነበረው የወንዝ ፈሳሽ ተቈራርጦ በየድንጋዩ መካከል የተኛ ኩሬ ሆነ፤ ቢምቢውም በኩሬው ተራባ። በዚያ ዓመት መጨረሻና በተከታዩ ዓመት የሞተው ሰው 80 ሺህ ያህል ነበር። አንዱን ሕዝብ የዝናም ብዛት፣ ሌላውን የዝናም ማነስ በአንድ በሽታ መታው ማለት ነው። ቢምቢ የምትሻው ብዙ ውኃ ሳይሆን የተኛ ውኃ ነውና።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የወባው ጥገኛ ተሕዋስ በቢምቢዋ አካል ውስጥ ሳያድግና ሳይበስል ወደ ሰው ሊተላለፍ አይችልም። ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት፣ ከ18 በታች ሲሆን ደግሞ ገዳዩ ፋልሲፓረም ዕድገቱ ይገታል። ሙቀቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን የማደጊያው ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። የቢምቢ ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ ጥቂት ቀን ማጠሩ ብዙ ነው፤ ቢምቢዋ ሳትሞት ተሕዋሱ ይደርሳልና። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋማ አገሮች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት፣ በሞቃት ዓመታት የወባው ሕመምተኛ ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛ ዓመታትም ተመልሶ እንደሚወርድ አሳይቷል። ደጋ ነኝ ብሎ መታመን ቀስ በቀስ ዋጋው እየቀነሰ ነው።

የድሬዳዋ ነገር

ድሬዳዋ የዝናምን ክፋት በሁለቱም ፊት ያየች ከተማ ናት። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. በሐረርጌ ደጋ ላይ የጣለው ዝናም በዚህ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሆኖ ወረደና ሰው በተኛበት ከ250 የማያንስ ነፍስ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአፍሪቃ ቀንድ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት ተከታታይ የዝናም ወቅቶች የከሸፉበትን ድርቅ አሳልፏል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሚኖር ከተሜ ከዚህ ሁሉ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ውኃ በመጣ ቀን ማጠራቀም። በርሜል፣ ጀሪካን፣ የጣሪያ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ የሌለበት ግቢ እምብዛም አይገኝም። ይህም የብልህ ሰው ሥራ ነው እንጂ ነቀፋ የለበትም።

ነገር ግን ይህንኑ ብልሃት የምትጠብቅ አንዲት እንግዳ መጣች። ስሟ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ ይባላል። ከጥንት ጀምሮ የምትኖረው በሕንድና በአካባቢው አገሮች፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤና በዐረብ ምድር ሲሆን፣ በአፍሪቃ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ ነው። በዚያ ዓመት በጂቡቲ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ከ73 ሺህ በለጠ። በኢትዮጵያም በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቀብሪ ደኸር ተገኘች፤ ከዚያም በብዙ የምሥራቅ ከተሞች መኖርዋ ታወቀ።

የአገራችን ነባር የወባ ቢምቢ፣ አኖፌሌስ አራቢየንሲስ የሚባለው፣ ዝናም ያቈረውን ኩሬ፣ የከብት ኮቴ የረገጠውን ጭቃ፣ የመስኖ ዳር ውኃ ይመርጣል፤ በጋው ሲያደርቅበትም ይቀንሳል። ስቴፈንሲ ግን የከተማ ወይዘሮ ናት። ንጹሕና ጥላ ያለው፣ ሰው ለራሱ የቀዳውን ውኃ ትወዳለች። ስለዚህ በጋው አይጎዳትም፤ እንዲያውም በጋው በበረታና የቧንቧው ተራ በራቀ መጠን እኛው ራሳችን ማደሪያዋን እናበዛላታለን። በ2014 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት በድሬዳዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ ከ2,400 በላይ ሲሆን፣ ይህ ቍጥር ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ወራት ከታየው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ወራቱ በአብዛኛው የደረቁ ወራት ነበሩ። ነገሩን የመረመሩት ሊቃውንት በሕመምተኞቹ ቤት አጠገብ ካገኟቸው የወባ ቢምቢዎች አብዛኞቹ ይህችው እንግዳ መሆንዋን፣ ዕጮቿም በውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ እንደ ነበሩ አረጋግጠዋል።

በዚሁ ዕቃ ውስጥ የምትራባ ሌላ ቢምቢም አለች። ኤዴስ ኤጂፕቲ ትባላለች፤ ወባን አታመጣም፤ ደንጊንና ቺኩንጉንያን ግን ታስተላልፋለች። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በቺኩንጉንያ ተመትታለች። እንግዲህ አንድ ያልተከደነ በርሜል የሦስት በሽታ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ይህ የምሥራቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የቢምቢዋ መንገድ የባቡሩና የመኪናው መንገድ መሆኑን ልብ ይበል። በአገሪቱ ሁሉ ደግሞ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን የበለጠ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል። የዚህን ሁሉ ምክንያት በአንዲት ቢምቢ ላይ መጫን አይገባም፤ ጦርነት፣ የሕዝብ መፈናቀል፣ የአየር ለውጥና የመከላከሉ ሥራ መላላት ሁሉም ድርሻ አላቸው።

«ውኃውን ድፉ» ስለሚባለው ምክር

በየጤና ትምህርቱ ዘወትር የሚሰማው ትእዛዝ «ያቈረ ውኃ ይደፋ» የሚል ነው። ለተጣለ ጣሳ፣ ለአሮጌ ጎማ፣ ለተሰበረ ገንቦ ትእዛዙ ትክክል ነው። ነገር ግን ሦስት ቀን ወረፋ ተጠብቆ፣ ወይም ከጋሪ በገንዘብ ተገዝቶ የተሞላ የ200 ሊትር በርሜል ይደፋ ዘንድ ለአንዲት የቤት እመቤት መንገር ከንቱ ነገር ነው። አትደፋውም፤ ባትደፋውም እውነቷን ነው። የማይፈጸም ትእዛዝ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ የሚፈጸመውም ምክር አብሮ እንዲናቅ ያደርጋል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት በውኃ ችግር አገር መምከር የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ መክደንና ማጥራት።

ስለ መክደን። ክዳን ማለት ቢምቢ የማታልፍበት ክዳን ማለት ነው። በበርሜል ላይ የተጣለ ጣውላ ወይም የጎበጠ ቆርቆሮ ዶሮን ይከለክላል እንጂ ቢምቢን አይከለክልም፤ እንዲያውም ጥላ ስለሚሰጣት ደስ ይላታል። ጠፍጥፎ የተሠራ ክዳን ከሌለ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ጨርቅ በሁለት ዕጥፍ በርሜሉ አፍ ላይ ወጥሮ፣ ከተጣለ የጎማ ካላማዳሪ በተቈረጠ ላስቲክ ዙሪያውን ማሰር ይበቃል። ጨርቁ ረግቦ ወደ ውኃው እንዳይነካ፣ በላዩም ዝናም እንዳያቈር መጠበቅ ያስፈልጋል። በሮቶ ላይ የሚረሳው ቦታ ክዳኑ አይደለም፤ ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ሁልጊዜ ክፍት ስለ ሆነ ቢምቢዋ በእርሱ ገብታ ትጥላለች፤ አፉ በወንፊት ሽቦ ወይም በአሮጌ አጐበር ቁራጭ መታሰር አለበት። (አጐበሩ በእርግጥ አሮጌ መሆኑን ማየት ይገባል፤ የሚታደርበትን አጐበር ቀዶ ለሮቶ ማሰር ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ነውና።) በቦምቤይ፣ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው የሕንድ ከተማ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በየፎቁ ጣሪያ እየወጡ ገንዳ መከደኑን የሚመረምሩት ከዚህችው ቢምቢ የተነሣ ነው።

ስለ ማጥራት። ቢምቢ ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ በሞቃት አገር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን የተወሰነ ሥራ የትውልዷን ሰንሰለት ይቈርጠዋል። በርሜሉ ወደ መጉደሉ ሲደርስ የቀረውን ውኃ በጨርቅ አጥልሎ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ፤ በጨርቁ ላይ የቀረውን ዕጭ በደረቅ መሬት ላይ ማራገፍ፤ የበርሜሉን የውስጥ ግድግዳ በሻካራ ነገር አጥብቆ መፈግፈግ፤ ከዚያም ውኃውን መመለስ ነው። አንድ ጀሪካን ውኃ እንኳ አይጠፋም። መፈግፈጉ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ኤዴስ ዕንቁላልዋን የምትለጥፈው ከውኃው ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ ስለ ሆነና ያ ዕንቁላል ለብዙ ወራት ደርቆ ቆይቶ ውኃ ሲነካው ስለሚፈለፈል ነው።

ሁለት ስሕተት እናስጠንቅቅ። ውኃ ለማከም የሚጨመረው ክሎሪን በመጠጥ መጠን ሲሆን ተቅማጥ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ይገድላል፤ የቢምቢን ዕጭ ግን አይገድልም። ስለዚህ ክሎሪን ጨምሬአለሁ ብሎ ሳይከድኑ መተው አይገባም። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፤ ለእርሻ ወይም ለተባይ የተገዛ መድኃኒት ወይም ላምባ በሚጠጣ ውኃ ውስጥ ማፍሰስ ቤተ ሰብን መመረዝ ነው። ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደ ዕጭ ገዳይ መድኃኒት አለ፤ መጠኑን የሚያውቀው ግን የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ስለ ሆነ እርሱው ይጨምረው።

ግቢው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ትኩሳት የሚበዛበት ሰፈር ሲገኝ፣ ቤት ወደሚሠራበት ቦታ መመልከት ይበጃል። ኮንክሪት ለማጠጣት የተቈፈረና በላስቲክ የተነጠፈ የውኃ ጉድጓድ ለስቴፈንሲ የተመቸ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ስለሚኖር ለራሱ አያሳስበውም። እንዲህ ያለውን ነገር ጎረቤት ለጎረቤት በመንገር የሚፈታው አይደለም፤ ለቀበሌው ሊመለከት ይገባል።

ለመምህራን

ዕጭን ማወቅ የሚያስቸግር ጥበብ አይደለም፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ሰዓት ይማረዋል። የሚያስፈልገው ነጭ ሣህን ወይም ኩባያና ትዕግሥት ብቻ ነው። ወደ በርሜሉ ሲቀርቡ ጥላ በውኃው ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ያሻል፤ ዕጮቹ ጥላ ሲያዩ ወደ ታች ይሰምጣሉና። ሰምጠው እንደ ሆነ ጥቂት ደቂቃ ቢታገሡ ለመተንፈስ ይወጣሉ። ያን ጊዜ በቀስታ ጨልፎ በሣህኑ ላይ መመልከት ነው። በውኃው ፊት ላይ እንደ ቁራጭ ክር ጋደም ብሎ፣ ከውኃው ገጽ ጋር ተስተካክሎ የተኛው የወባ ቢምቢ ዕጭ ነው። ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጭራው የተንጠለጠለው ደግሞ የኤዴስ ወይም የሌላዋ ተራ ቢምቢ ዕጭ ነው። እንደ ነጠላ ሠረዝ የተቈለመመችው፣ ስትነካ የምትገለባበጠው ሙሽሬዋ ናት፤ እርስዋ ከታየች ቢምቢዋ ልትበር አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ቀርቷታል።

ተማሪዎች ከዚህ በኋላ በየሳምንቱ በየግቢያቸው ስንት ዕቃ እንደ መረመሩ፣ በስንቱም ዕጭ እንዳገኙ በደብተራቸው ሊጽፉ ይችላሉ። መምህሩ ደምሮ በሰሌዳ ላይ ቢያወጣው የሒሳብ ትምህርትም ይሆናል፤ ጤና ጣቢያውም የሚጠቅመው ጽሑፍ ነው። ገንዳ ውስጥ መግባት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ማጎንበስ ግን ፈጽሞ ለልጆች መፈቀድ የለበትም፤ ያንን አዋቂ በባትሪ መብራት ያየዋል።

ጎርፍ ካለፈ በኋላ

ጎርፍ በመጀመሪያ ዕጩን ሁሉ ጠርጎ ስለሚወስድ ለጥቂት ቀናት ቢምቢ የጠፋች ይመስላል። ይህ አያታልለን። ጎርፉ የተወው ኩሬ፣ በየጥጉ የወሰደው ጎማና ዕቃ፣ በተፈናቃዮች መጠለያ የሚታደለው በርሜል ሁሉ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ክንፍ ያወጣል። ከዚያ በፊት የሚደርሰው አደጋ የተቅማጡ ነው። የጎርፍ ውኃ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ጋር ይቀላቀላልና፣ ጎርፍ የነካው በርሜልም ሆነ ገንዳ ሳይታጠብና በክሎሪን ሳይጸዳ እንደገና ሊሞላ አይገባም፤ የመጠጡም ውኃ እስኪንተከተክ ይፈላ። ኮሌራ የጎርፍ ብቻ ነው እንዳይባል ግን፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የተነሣውና ወደ ብዙ ወረዳ የተዛመተው ኮሌራ የድርቅ ዘመን በሽታ ነበር፤ ንጹሕ ምንጭ ሲደርቅ ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉና።

ስለ ትኩሳት

በየካቲት ወይም በመጋቢት ትኩሳት የያዘውን ሰው ሕዝቡ ምች ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ታይፎይድ ነው ይለዋል፤ ወባ ነው የሚለው ጥቂት ነው፤ ወራቱ አይደለምና። በድሬዳዋና በመሰሎቿ ከተሞች ይህ ግምት ሰው ይገድላል። ትኩሳት በየትኛውም ወር ቢነሣ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደምን ማስመርመር ይገባል፤ ለነፍሰ ጡርና ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከዚያ ሰዓት አንዲቱም ባታልፍ ይሻላል። ከቀድሞ ሕመም የተረፈ ኪኒን መዋጥ ደግሞ ተሕዋሱን ሳይገድል ምርመራውን ያደናግራል። በአፍሪቃ ቀንድ አንዳንዱ የፋልሲፓረም ዓይነት በፈጣኑ የደም መመርመሪያ የማይገለጽ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ «የለም» ብሎ ትኩሳቱ በማግሥቱ ከቀጠለ፣ ተመልሶ ሄዶ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መጠየቅ የታማሚው መብት ነው።